አከራዩ ‹‹ውጣ›› ሳይል መውጣት፤ ከቪዥዋል ቤዚክ 6 ታሪክ የምንማረው

ባለፈው ሰሞን መርካቶ በጅምላ ንግድ የሚተዳደር አጎቴ ደወለልኝ። ‹‹አንተ የኮምፒዩተር ሰው አይደለህ? እስቲ ና ፍረደን›› አለኝ። ፍርድ የሚያስፈልገው በልጁና በሒሳብ ሠራተኛዋ መካከል ነው። ሱቁ ከ2004 ጀምሮ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ፣ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ሳይቀር የሚመዘግበው በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የጻፈላቸው ያኔ ኮሌጅ ይማር የነበረ የሰፈር ልጅ ነው፤ በቪዥዋል ቤዚክ 6። የሒሳብ ሠራተኛዋ ‹‹ሃያ ዓመት ሙሉ ያልከዳኝን ነገር አትንኩብኝ›› ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ‹‹ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው፤ ዛሬውኑ ተጥሎ በአዲስ ይሠራ›› ባይ ነው።

እውነቱን ለመናገር በስልክ ልፈርድ አልቻልኩም። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ይህ ክርክር ደግሞ የአጎቴ ሱቅ ብቻ ክርክር አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ነው። ያረጀ የፕሮግራም ቤት መቼ ይለቀቃል? ሲያረጅ? ሊወድቅ ሲል? ወይስ አከራዩ ‹‹ውጣ›› ሲል? መልሱን ከንድፈ ሐሳብ ከመፈለግ ታሪኩን ማገላበጥ ይሻላልና እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልኝ።)

ቤቱ ሲሠራ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ለዊንዶውስ ፕሮግራም መጻፍ የጥቂት ሰዎች ሙያ ነበር። አንዲት ባዶ መስኮት ስክሪን ላይ ለማሳየት ብቻ በሲ ቋንቋ ብዙ መስመር ኮድ መደርደር ግድ ይል ነበር። አላን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ተጠቃሚው በማውስ እየጎተተ የራሱን ገጽ የሚገጣጥምበት መሣሪያ ሠራና ‹‹ትሪፖድ›› አለው። በ1988 ለቢል ጌትስ አሳየው፤ ማይክሮሶፍትም ገዛው። ኩባንያው ይህንን መሣሪያ ከቤዚክ ቋንቋ ጋር አጋባው። ቤዚክ በ1964 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ሰው ኮምፒዩተር ማዘዝ ይቻለው ብለው የፈጠሩት ቀላል ቋንቋ ነው። የጋብቻው ልጅ ቪዥዋል ቤዚክ ተባለ፤ በ1991 ለገበያ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ቁልፉን ጎትተህ ታስቀምጣለህ፣ ሁለቴ ትጫነዋለህ፣ ሲጫኑት የሚሠራውን ትጽፋለህ፤ አለቀ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ፋርማሲስቱ፣ መሐንዲሱ ሁሉ ፕሮግራመር ሆነ። ስድስተኛው ስሪት በ1998 ሲወጣ ቪዥዋል ቤዚክ በዓለም እጅግ ከተስፋፉ የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በእኛም አገር በ2000ዎቹ ኮምፒዩተር የተማሩ ታላላቆቻችንን ጠይቋቸው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማለት ከፊት ቪቢ 6፣ ከኋላ አክሰስ ነበር፤ የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ፣ የደመወዝ ማስያ፣ የቤተ መጻሕፍት መቆጣጠሪያ። የአጎቴም ሱቅ ፕሮግራም የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይስተዋል አለፈ። ያ ሁሉ ሰው ቤት የሠራ መስሎት ነበር። መሬቱ ግን የራሱ አልነበረም። ቋንቋው የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ኩባንያው ሐሳቡን ሲቀይር ተከራዩ የሚያሰማበት መድረክ የለም።

2002፤ ‹‹ስሙን ብቻ አስቀሩልን››

ማይክሮሶፍት በ2000 ዶት ኔት የሚባል አዲስ መሠረት እየጣልኩ ነው አለ፤ በፌብሩዋሪ 2002 ደግሞ አወጣው። ከእርሱም ጋር ቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት መጣ። ስሙ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ።

ነገሩ ለባለሙያ ላልሆነ ሰው እንዲገባ ሁለት ሦስት ምሳሌ ልስጥ። በቪቢ 6 ‹‹ኢንቲጀር›› የተባለው የቁጥር ዓይነት መያዝ የሚችለው እስከ 32,767 ነበር፤ በአዲሱ ከ2 ቢሊዮን በላይ ይይዛል። በድሮው አንድ ቁጥር ለሌላ የፕሮግራም ክፍል ስታቀብል ያኛው ክፍል ዋናውን ሊለውጥብህ ይችላል፤ በአዲሱ ግን ካላዘዝከው በቀር ቅጂውን ነው የምትሰጠው። የፈለጉትን ሁሉ የሚከቱበት ‹‹ቫሪያንት›› የሚባለው ከረጢት ጠፋ፤ ለገንዘብ ይውል የነበረው ‹‹ከረንሲ››ም ቀረ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ መሻሻል ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሌሊት መሆናቸው ነው። መቶ ሺህ መስመር ኮድ ያለው ሰው እያንዳንዱን መስመር እንደገና ማንበብ ሊኖርበት ነው።

ማይክሮሶፍት ‹‹አይዟችሁ፣ ኮዱን ራሱ የሚቀይር መሣሪያ አብሬ ሰጥቻለሁ›› አለ። መሣሪያው ቀላል ቀላሉን ይቀይርና ከባዱ ጋ ሲደርስ ‹‹ይህን ራስህ እየው›› የሚል ማስታወሻ ጥሎ ያልፋል። አንዳንዶች ተናድደው አዲሱን ቋንቋ ‹‹ቪዥዋል ፍሬድ›› አሉት፤ ስሙ ከውስጡ ጋር ካልተገናኘ የፈለግነውን ብንለው ምን ልዩነት አለው ለማለት ነው። በማርች 2005፣ መደበኛው ድጋፍ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በክብር ስም ከሸለማቸው ባለሙያዎች ከ100 በላይ የሚሆኑት የድሮው ቋንቋ ልማቱ ይቀጥል ሲሉ የአቤቱታ ወረቀት ፈረሙ። አልሆነም። መደበኛው ድጋፍ በዚያው ወር አበቃ፤ የተራዘመው ደግሞ በ2008።

ማን ምን አገኘ?

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጥመው። ተከራዮቹ በሦስት ተከፈሉ።

የመጀመሪያዎቹ በ2002 ወዲያው የሮጡት ናቸው። አዲሱ ቤት ሲገቡ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም ነበር። ቪቢ 6 ውስጥ በጣም የሚወደድ አንድ ነገር ነበር፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ አስቁመህ ስህተቱን አርመህ ከዚያው መቀጠል። አዲሱ ላይ ይህ አልነበረም፤ የተመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ በ2005 ስሪት ነው። ቀድመው የገቡት ዋጋውን ከፈሉ፤ ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይሏል ይኸው ነው።

ሁለተኛዎቹ እስከ 2005 እና 2006 ድረስ ጠብቀው የወጡት ናቸው። ያኔ አዲሱ ቤት መብራትና ውሃው ገብቶለታል። ቪቢ 6 የሚያውቅ ሰው ገበያው ላይ ሞልቷል። የድሮው ቤት የተራዘመ ድጋፉ ገና ሦስት ዓመት አለው። ኮድ ቀያሪው መሣሪያም አለ። ይህ መሣሪያ በ2010 ከወጣው ስሪት ውስጥ ተነሥቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ዕቃ ተሸካሚዎቹ ከሄዱ በኋላ የመጣ ነው።

ሦስተኛዎቹ ጨርሶ ያልወጡት ናቸው። ‹‹እነርሱማ ጠፉ›› ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ማይክሮሶፍት ፕሮግራም መጻፊያውን ቢተወውም የተጻፉት ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ማቅረቡን አላቆመም። ከቪስታ ጀምሮ እስከ ዊንዶውስ 11 ድረስ አለ። የአጎቴ ፕሮግራም ዛሬም የሚነሣው ለዚህ ነው።

እንዲያውም ነገሩ በሮጡት ላይ ሌላ ቀልድ ሠርቷል። በ2002 ወደ ዶት ኔት ገብተው የኢንተርኔት ገጾቻቸውን ‹‹ዌብ ፎርምስ›› በተባለው መንገድ የሠሩ ሰዎች በ2016 ዶት ኔት ኮር የሚባል ሌላ ቤት ጎናቸው ሲሠራ አዩ። የድሮው ዶት ኔት በ2019 በወጣው 4.8 ዋናውን ዕድገቱን ጨረሰ። በ2020 ዶት ኔት 5 ሲመጣ ዌብ ፎርምስ አልተካተተም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔትን እንደ ቋንቋ ከዚህ በላይ የማሳደግ ዕቅድ እንደሌለው አስታወቀ። ስለዚህ ‹‹አሮጌ ስለሆነ ውጣ›› የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም። አዲሱም ያረጃል።

ታዲያ የሚያስወጣው ምንድን ነው? ለእኛ፣ ፊደላችን

ቪቢ 6ን በአማርኛ ለመጠቀም የሞከረ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ የጥያቄ ምልክት ‹‹????››።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ቪቢ 6 ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተሩ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 256 ምርጫ ብቻ ነበር። ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከ300 በላይ ነው። የአገራችን ሊቃውንት መላ ዘየዱ፤ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዙን ቅርጽ ሣሉ፣ ያልበቃውን ወደ ሁለተኛ ፎንት አሻገሩ። ዓይን ‹‹አበበ›› ያነባል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አንዱ ፎንት ሠሪ የደረደረበት ቅደም ተከተል ከሌላው አይገጥምም። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ስሙ ዝባዝንኬ ይሆናል።

ቪቢ 6 በሆዱ ጽሑፍን የሚይዘው በዩኒኮድ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያሉት የራሱ ሳጥኖች ጽሑፉን የሚያሳዩት ወደ ቆየው የዊንዶውስ የፊደል ሠንጠረዥ ቀይረው ነው። ለዐረብኛም ለጃፓንኛም እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስላለ የእነርሱ ፕሮግራመሮች እንደምንም ይወጡታል። ለአማርኛ ግን ሠንጠረዥ አልተሠራለትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከውጭ የተገዛ ሳጥን ካልጨመሩ በቀር መውጫ የለውም። ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ቆይቶም ስልኩ ሁሉ አማርኛ ሲጽፍ፣ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ደሴት ላይ ቀሩ። የደንበኛው ስም ከስልክ ተገልብጦ አይገባም፤ ከፕሮግራሙም ወጥቶ ለሰው አይላክም።

ትክክለኛው የመልቀቂያ ምክንያት ይህን ይመስላል። አዲሱ ስላማረ አይደለም፤ አሮጌው ውስጥ ሆነህ የሚያስፈልግህን ሥራ መሥራት ስላቃተህ ነው።

የፓይተን ታሪክም ያው ነው

‹‹ይሄ የማይክሮሶፍት ክፋት ነው›› የሚል ካለ የአንድ ኩባንያ ንብረት ያልሆነውን ፓይተንን ይመልከት። ጊዶ ቫን ሮሰም የፈጠረው ይህ ቋንቋ በዲሴምበር 2008 ሦስተኛ ስሪቱን ሲያወጣ ሆን ብሎ ከሁለተኛው ጋር እንዳይግባባ አድርጎ ነው። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የፊደል ጉዳይ ነው። በፓይተን 2 ‹‹ሰላም›› የሚለውን ቃል እንዲሁ ጽፈህ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አቀማመጥ ርዝመቱን ብትጠይቀው 9 ይልሃል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ። ፓይተን 3 ግን 3 ይልሃል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ልዩነቱ አይታየውም፤ እኛ ግን እናየዋለን።

ሽግግሩ ስንት ዓመት የፈጀ ይመስላችኋል? 11 ዓመት። መጀመሪያ የሁለተኛው ስሪት ድጋፍ በ2015 ያበቃል ተባለ፤ በ2014 ቀኑ ወደ 2020 ተገፋ። በ2009 የተሻገረ ሰው የሚፈልጋቸው ቤተ መጻሕፍት ገና አልተሻገሩለትም ነበር። በ2012 የወጣው 3.3 የድሮ ኮድን ለማሻገር የሚያመች ነገር መለሰ። የኢንተርኔት ገጽ መሥሪያው ጃንጎ በ2013 ለሦስተኛው ስሪት የሙከራ ድጋፍ ጀመረ፤ በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሁለተኛውን ጨርሶ ተወው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መሻገሪያው አንድ ቀን ሳይሆን በር ነው። የሚከፈተው አዲሱ ቤት ለኑሮ ሲበቃ ነው፤ ለቪቢ 6 በ2005፣ ለፓይተን በ2013 ገደማ። የሚዘጋው ደግሞ የሚያሻግሩህ መሣሪያዎችና ሰዎች ሲበተኑ ነው። ‹‹ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን›› ብለው የሚያውጁት ብዙ ጊዜ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ ከአከራዩ ጋር እየተጯጯሁ ዕቃ ማውጣት ነው።

የሰዎቹ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኤፕሪል 2020፣ በወረርሽኙ መካከል ሥራ አጥነት ሲያጥለቀልቃቸው፣ የኒው ጀርሲ ገዢ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን ብለው በይፋ ጠይቀዋል። ኮቦል ከ1959 የጀመረ ቋንቋ ነው። ማሽኑ አለ፣ ፕሮግራሙ አለ፤ የሚያውቀው ሰው ነው የጠፋው።

የቆጡን አወርድ ብላ

‹‹እሺ፣ እንውጣ›› ካልን በኋላም እንዴት የሚለው ይቀራል። የአጎቴ ልጅ ‹‹ተጥሎ በአዲስ ይሠራ›› ይላል። ኔትስኬፕም ያለው ይህንኑ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢንተርኔት ማሰሻ ገበያውን የያዘው ይህ ኩባንያ በ1998 የድሮ ኮዱን ትቶ ከባዶ መጻፍ ጀመረ። አራተኛው ስሪት በ1997 ወጥቶ ነበር፤ አምስተኛው ጨርሶ ሳይመጣ ስድስተኛው የወጣው በኖቬምበር 2000 ነው። እነርሱ እስኪጨርሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወሰደው። ጆኤል ስፖልስኪ የተባለው ጸሐፊ በዚያው ዓመት ይህንን አንድ ሶፍትዌር ኩባንያ ፈጽሞ ሊሠራው የማይገባ ስህተት ብሎ ጽፎበታል። በእርግጥ ያ አዲስ ኮድ ቆይቶ የፋየርፎክስ መሠረት ሆኗል፤ ግን ኔትስኬፕን አላዳነውም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሻገር ደግሞ የእንግሊዙን ቲኤስቢ ባንክ ይጠይቁ። በኤፕሪል 2018 በአንድ የሳምንት መጨረሻ 5 ሚሊዮን ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። ሰኞ ሲነጋ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በዲሴምበር ነው፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከሥራ ወጡ፤ በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

ፍርዱ

በቅዳሜ መርካቶ ሄድኩ። ፕሮግራሙን አየሁት፤ ቀፎው ግራጫ፣ ፊደሉ የድሮ ፎንት፣ ግን ዝርዝሩ እንደ መብረቅ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛዋ በኩራት ‹‹አየህ?›› አሉኝ። አየሁ።

አራት ነገር ጠየቅኳቸው። የምትፈልጉትን ሥራ ይሠራል? አጎቴ ‹‹ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ከዚያም ሆኜ ዱቤውን ማየት እፈልጋለሁ፤ እሱ ግን ከዚህ ኮምፒዩተር አይወጣም›› አለ። ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል ሌላ ላይ ትተክሉታላችሁ? ዝም። መረጃውን አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ማንበብ ትችላላችሁ? ስሙ ሁሉ በድሮ ፎንት ስለሆነ አይነበብም። ‹‹ጋሼ፣ የመጨረሻው፤ ልጁ የጻፈው ዋናው ኮድ የት ነው?››

‹‹የቱ ኮድ?›› አለ አጎቴ። የጻፈው ልጅ አሜሪካ ከሄደ ቆይቷል። የአጎቴ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። ይኸኔ የሒሳብ ሠራተኛዋ ተነሥተው የደረሰኝ ጥራዝ ከሚቀመጥበት መሳቢያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ። ‹‹ሲሄድ ‘ይህን እንዳይጥሉት’ ብሎኝ ነበር›› አሉ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ምርጡ በር ከተዘጋ ቆይቷል፤ ግን ሲዲው እስከተነበበና እኚህ ሴትዮ የሥራውን ነገር እስካስታወሱ ድረስ መስኮቱ ክፍት ነው። ዛሬ የሚጣል ነገር የለም። መጀመሪያ ሲዲው ይገልበጥ፤ በሦስት ቦታ ይቀመጥ። ቀጥሎ የደንበኞቹ ስም ወደ ዩኒኮድ ይዛወር፤ ከሁሉም የሚከብረው የሃያ ዓመቱ ዱቤ መዝገብ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ከዚያ አዲሱ ከጎኑ ይሠራ፤ መጀመሪያ ዱቤው ብቻ። ሁለቱም ለጥቂት ወራት አብረው ይሂዱ፤ ማታ ማታ ድምራቸው ይመሳከር። መመሳከሩን የሚያረጋግጡት የአጎቴ ልጅ አይደለም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው። እርሳቸው ‹‹ገጥሟል›› ያሉ ቀን አሮጌው ይጠፋል።

የአጎቴ ልጅ ‹‹ይሄ እኮ ዓመት ይፈጃል›› ብሎ አጉረመረመ። ልክ ነው፤ ይፈጃል። ለዚህም ነው ዛሬ የሚጀመረው።

እናንተም መሥሪያ ቤታችሁ ጥግ ላይ ‹‹አትንኩት›› የተባለ ኮምፒዩተር ካለ፣ ሰኞ ስትገቡ ሲዲው የት እንዳለ ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።